ለሊን ስንጸልይ

አባዬ የስዊድንኛውን ዓረፍተ ነገር በዓይኑ ጨርሶ አማርኛውን እስኪያገኝለት ድረስ የሚያሰማው «እእእ…» የሚል ድምፅ፣ አሁንም ሳላስበው ጆሮዬ ላይ ይመጣል። ስዊድን አገር፣ ሃግሴትራ በነበረው ቤታችን እራት ተበልቶ ሳህኑ ሲነሳ፣ ከቤተ መጻሕፍት የተዋሰውን መጽሐፍ ይከፍትና፣ የስዊድንኛ መጽሐፍ ለሚያደክማት ለእማዬ እየተረጎመ ያነብላት ነበር፤ እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ አዳምጥ ነበር።

ያን ዓመት ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር ያመጣው ልቦለድ ስለ አንድ የቻይና ገጠር ነበር። ወንዙ ደርቆ፣ ጎልማሶቹ ሥራ ፍለጋ ከተማ ገብተው፣ ሊን የምትባል ልጅ ከሽማግሌ አያቷ ጋር ብቻዋን ቀርታለች። አባዬ ወሎ ገጠር ያደገ ስለሆነ ሽማግሌውን ልክ እንደ አጎቱ እንዲናገሩ ያደርጋቸው ነበርና፣ «ኧረ ተይ አንች ልጅ፣ ብርዱ ይጎዳሻል!» ሲሉ፣ ቻይና ከወሎ ቀጥላ ያለች አገር ትመስለኝ ነበር።

ብርዱ ሲገባ ሊን ማሳል ጀመረች። በዚያው ሰሞን፣ ስንት ዘመን ከቤታቸው ጨው ሲወስድ የኖረው ጎረቤት፣ ሽማግሌው የደበቁትን የዘር ማሽላ ሰረቀ። እኛ ቤት ከመኝታ በፊት አብረን እንጸልይ ነበርና፣ እማዬ «የጸሎት ርእስ ያለው?» ስትል፣ እጄን አውጥቼ በስዊድንኛ፣ ሊን እንድትድን፣ የሌባው እግር ደግሞ እንዲሰበር ጠየቅኩ። አባዬ ሳቁን ሊደብቅ አቀረቀረ።

«እግሩስ ይቅርለት» አለች እማዬ፣ «ልጆቹ ርቧቸው እኮ ነው።»

ከዚያ በኋላ፣ ሥራ ላጣው አጎቴና ለታመሙት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ስንጸልይ ሊንም ሌባውም አብረው ይነሱ ነበር።

በረዶው መቅለጥ ሲጀምር አባዬ አንድ ገጽ ብቻ አንብቦ «ዛሬ ደክሞኛል» ማለት አበዛ። አንድ ቅዳሜ ከሻርሆልመን ገበያ ስንመለስ፣ ባቡር ላይ ድምፅ ሳያሰማ መጨረሻውን ሲያነብ አየሁት፤ ዓይኑ ቀልቷል።

«ትድናለች?»

«ተጽፎ ያለቀ ነው እኮ፣ የኔ ልጅ።»

«ታዲያ ቀይረህ አንብበው! አማርኛው ያንተ አይደል?»

«አማርኛው የኔ ነው» አለና መስኮቱን አየ፤ «ልጅቷ ግን የኔ አይደለችም።»

የዚያን ቀን ማታ ድምፁ እየተቆራረጠ ጨረሰው። ሊን ዝናቡ ሳይመጣ ሞተች። መቃብሯን ሊቆፍር የመጣው ያው ሌባ ነበር፤ ሽማግሌውም ውሃ አጠጡት።

ለጸሎት ስንቀመጥ ዓይኔን አልጨፍንም አልኩ። «ብርዱ እስኪያልፍ ድረስ ስንለምን ከርመን!» ብዬ ጮህኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ምክር የሚጠይቃት እማዬ እጄን ያዘችና፣ «ጌታ ሆይ፣ ሽማግሌውን አስባቸው፤ ብቻቸውን ቀርተዋል» አለች።

ዛሬ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። እንዲህ ያሉትን ልቦለዶች ራሴ በሳምንት እጨርሳለሁ፤ ስለ ሰው ባሕርይና ስለ መከራ ስጽፍም አስተማሪዬ ታደንቀኛለች፣ ደስታውን አልደብቅም፣ እየተፍነከነክሁ ነው ቤት የምመለሰው። ባቡር ላይ ሳነብ አንዲት ልጅ ገጹ ላይ ስትሞት ግን መጽሐፉን እከድንና ወርጄ ባቡር እቀይራለሁ። ያኔ፣ ሊን በሞተች ማግሥት ጠዋት አባዬ እንደ ልማዱ ሙዚቃ ሊከፍት ሲነሳ፣ እማዬ «ዛሬስ ይቅር» አለችው፤ እሱም ሳይከፍት ተመልሶ ተቀመጠ።