ችፌዬና የጉማሬዋ ተረት

ልጅ ሳለሁ ሁለቱም እጆቼ ችፌ ነበረባቸው፤ ይሰነጣጠቃሉ፣ ይረጥባሉ፣ ሲደርቁ ደግሞ እስኪደሙ ያሳክኩኛል። ባሕር ዳር ሰፈራችን ውስጥ ልጃገረዶች ጥንድ ጥንድ ሆነው እጅ ለእጅ እያጨበጨቡ ሲጫወቱ እኔን የሚያጣምረኝ አልነበረም። ጓደኛዬ ሰዓዳ እንኳ «ይጋባብኛል» ብላ እጇን ከኋላዋ ትደብቅ ነበር።

ያኔ ነው የአባቴ አክስት እትዬ ዘሀራ ከአንበሳሜ እንሶስላ ይዘው የመጡት። ሥሩን ወቅጠው በቅባ ኑግ ለወሱና እጆቼን ቀብተው፣ በጉሎ ቅጠል ጠቅልለው በክር አሰሩልኝ። ሙሽራ ለውበት የምትታሰረውን እኔ ለችፌ ታሰርሁ።

ምሽቱን የከሰሉ ፍም እየደበዘዘ፣ ፋኖሱ ጥቀርሻ እየተፋ፣ እጆቼን እንደ ሁለት ጥቅል ጎመን ጭኔ ላይ አስቀምጬ ሳዳምጥ፣ እትዬ ዘሀራ ተረት ጀመሩ። የጣና ጉማሬ ያኔ እንደ በግ ጠጉራም ነበረች አሉ። ችፌ ያዛትና በየዋርካው ግንድ እየታከከች ጠጉሯን ጨረሰችው።

ይህን ስሰማ እኔንም አሳከከኝ፤ ጥቅሉን ከጉልበቴ ጋር አሸሁት። እትዬ ዘሀራ ወዲያው ዝም አሉ።

«ከዚያስ?» አለች ሰዓዳ። ተረት መኖሩን ሰምታ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«ጉማሬዋ እዚያው ግንዱ ሥር ትቆይ። ይቺ ካከከች አላወራም።»

«ኧረ እትዬ! አንቺ ደግሞ አትከኪ በናትሽ!»

«ይህን ያህል ከጓጓሽ እጇን ያዢልኛ!»

ሰዓዳ የራሷን እጆች አየች፣ የኔን አየች። በኋላ ግን ጉማሬዋ ራቁቷን ዛፍ ሥር መቅረቷ አሳዘናት መሰለኝ፣ መጥታ ሁለቱንም ጥቅሎች ጨምድዳ ያዘች። ጉማሬዋም እፍረቷን ልትደብቅ ጣና ገባች፤ ውሃው ቢያቀዘቅዝላት እዚያው ቀረች።

ጠዋት ቅጠሉ ሲፈታ እጆቼ እስከ አንጓዬ ቀልተዋል። ችፌው አልዳነም፤ ግን ቅርፊቱ ለስልሷል፣ አዲስ የቧጠጥሁትም አልነበረም። ሰዓዳ አገላብጣ አየችኝና «ለኔም ይሰሩልኝ!» ብላ አኮረፈች። ያን ቀን እጆቻችን እስኪግሉ አጨበጨብን።

ችፌው እየሄደ እየመጣ አብሮኝ አርጅቷል። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቅባቱን የሚቀባኝ እሱ ነበር፤ እንዳላክ ብሎም የገበያ ወሬ ያወራልኝ ነበር። ከሞተ ወዲህ የሐኪሙን ቅባት ራሴ እቀባለሁ፣ ወሬውንም ራሴው አወራለሁ፤ የእሱ ቀልድ ላይ ስደርስ ብቻዬን ከት ብዬ እስቃለሁ። ጎረቤት ብትሰማ ምን ትል ይሆን? ትበል።