በቪያ ቮልቱርኖ ያለፈው ቀብር

ውባንቺ ሮም ከገባች ሦስት ዓመት አልፏታል። አንዲት ባሏ የሞተባት ሲኞራ ቤት ነው የምትሠራው፤ ታበስላለች፣ ታጥባለች፣ አሮጊቷን ደግፋ መናፈሻ ታወጣለች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እንደ ሌሎቹ የቤት ሠራተኞች ሁሉ ዕረፍቷ ነው። ያን ጊዜ ነጠላዋን በካፖርቷ ላይ ጣል አድርጋ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ወደሚባለው ሰፈር ትወርዳለች፤ ያገር ሰው የሚገኘው እዚያ ነውና።

ሰው ይወዳታል። የታመመ ካለ ሾርባ ይዛ የምትደርስ እሷ ናት፤ የወለደች ካለች ገንፎውን የምታገነፋ እሷ ናት። አንድ ነገር ብቻ ይነሳባት ነበር። ለቅሶ ቤት ስትገባ አታለቅስም። ጥግ ይዛ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ትቀመጥና ትወጣለች። “የዚችስ ልብ ከድንጋይ ነው” እያሉ ሴቶቹ ያሟት ነበር። እሷም ሰምታ እንዳልሰማች ትሆናለች።

ጓደኛዋ ልዕልቲ የአስመራ ልጅ ናት፤ ጣልያንኛ ካፏ አይነጠልም። ለውባንቺ በአንድ ነገር ታዝንላት ነበር፤ በወንድሟ። ውባንቺ ኣንደብርሃን የሚባል አንድ ወንድም አላት። የት እንዳለ ሲጠይቋት “ሱዳን ገብቷል” ትላለች። በዚያ በደርግ ዘመን ዘመዱ ሱዳን ያልገባ ማን አለና፣ የሚጠረጥራት አልነበረም። እንዲያውም ልዕልቲ ካርቱም ላለው ለአክስቷ ልጅ ለተወልደ ብርሃን “እባክህ ፈልግልን” ብላ አደራ ጣለችበት። እሱም አደራ አክባሪ ሰው ኖሮ፣ ከሥራው ጊዜ ሲተርፈው በስደተኛ ካምፕ ለካምፕ መዞር ጀመረ።

“ገዳሪፍ የለም አለ። አሁን ደግሞ ከሰላ ሊወርድ ነው” ትላታለች ልዕልቲ ሐሙስ ሲገናኙ።

የውባንቺ ፊት ይግላል። “ተይው ልዕልትዬ፣ ሰውየው አይድከም።”

“ምን ማለትሽ ነው? ወንድም እኮ ነው።”

እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ዓመት ሆነ።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ በኅዳር፣ ከሐሙሶቹ በአንዱ ሁለቱ ሴቶች ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ነበሩ። ልዕልቲ ከአገር መጣ የተባለ በርበሬ ልታይ አንድ ሱቅ ገባች፤ ውባንቺ በር ላይ ቆመች። በዚያው ቅጽበት ከባቡር ጣቢያው በኩል ብዙ ሰው ብቅ አለ። ሁሉም ሞተር ብስክሌት ይዘዋል፣ የተቀመጠበት ግን የለም። ሞተሩን አጥፍተው፣ ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ አስረው፣ በእጃቸው እየገፉ በዝምታ ይመጣሉ። ከፊታቸው ጎረምሶች የሬሳ ሣጥን ተሸክመዋል። ሣጥኑ ላይ፣ ካስኮ የሚሉት የሞተረኛ ቆብ ተቀምጧል።

“ጓደኛቸው ሞቶባቸው” አለች ውባንቺ በልቧ። “ልጅ ይሆናል።”

ሬሳ ሲያልፍ ቆሞ መሸኘት ያደገችበት ነው። የማያውቁት ሰው ሲሆንማ ይብሳል፤ ዘመድ አጥቶስ እንደሆነ ማን ያውቃል። ነጠላዋን አወረደችና ጥለቱን ወደ ላይ ዘቅዝቃ ለበሰች። አስፋልቱ ውስጥ ገብታም ከሣጥኑ ኋላ ሆነች። እስከ መታጠፊያው ብቻ ልትሸኝ ነበር ሐሳቧ። መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ግን እግሯ አልመለስ አላት። ዓመታት ሙሉ አምቃው የኖረችው ለቅሶ ድንገት ገነፈለባት።

“ወንድሜ፣ ኣንደብርሃን፣ ሳልሸኝህ” እያለች ደረቷን መታች።

ልዕልቲ ጩኸቱን ሰምታ ከሱቁ ስትወጣ ጓደኛዋን ያየቻት በሰው መሀል ነው። ተከትላ ስትሮጥ ሁለት ሞተረኞች ሲንሾካሾኩ ሰማች።

“አልቃሽ የቀጠረው ማን ነው?”

“እኔንጃ፤ ጥሩ ታለቅሳለች ግን።”

ሰልፉ አደባባዩ ጋ ቆመ፣ ሣጥኑ ወረደ። ሉቻኖ የሚባል ጢማም ወጣት ድምፅ ማጉያ ይዞ ወጣና ክዳኑን ብድግ አደረገው። ውስጡ የአሮጌ ቬስፓ መሪና አንድ ጎማ ተኝተዋል። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ፤ ፉጨቱና ጥሩምባው አደባባዩን አናወጠው። በዚያ ሁሉ ሳቅ መሀል አንዲት ሴት ነጠላዋን ዘቅዝቃ፣ እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀረች።

ልዕልቲ እያለከለከች ደረሰች። “አንቺ፣ ምን ነካሽ? ሰልፍ እኮ ነው። ሞተር የያዘ ሁሉ የሚከፍለውን የአደጋ ኢንሹራንስ መንግሥት ጨመረባቸው። ‘ሞተራችንን ገደላችሁት’ ብለው ነው የሚቀብሩት።”

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ውባንቺ በወደደች። በወንድሟ ያላወጣችውን እንባ ለጎማ አወጣችው።

ሉቻኖ አያትና ሳቁ ፊቱ ላይ ከሰመ። ድምፅ ማጉያውን ትቶ መጣ።

“ሲኞራ፣ ይቅርታ ያድርጉልን። ቀልድ ነበር። ማን ሞቶብዎት ነው?”

“ፍራቴሎ” አለች።

“ወንድምዎ? በሞተር?”

አይደለም ብትል “ታዲያ በምን?” ሊመጣ ነው። ደግሞ ልዕልቲ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች። “ሲ” አለች፣ አዎ ማለቷ ነው፣ ወደ መሬት እያየች።

ስሙን ጠየቃት፣ ነገረችው። ሉቻኖ ወደ ድምፅ ማጉያው ተመልሶ “የዚችን ሴት ወንድም ሞተር ገድሎታል። ኢንሹራንስ ሲያስከፍሉን የኖሩት ለእሷ ምን አደረጉላት?” አለ። ከዚያ “አንደብራን” ብሎ፣ አፉ እንደቻለለት ስሙን ጠራ። ሰዉ ሁሉ ቆቡን አወለቀ። አደባባዩ ጸጥ አለ። ኣንደብርሃን ከሞተ ወዲህ ሰው ለስሙ ሲቆምለት ይህ የመጀመሪያው ነው፤ እሱም በውሸት ተገኘ። ውባንቺ አንገቷን ደፋች።

ልዕልቲ ክንዷን ይዛ ወደ አንድ የድንጋይ መቀመጫ ወሰደቻት።

“ሱዳን ነው አላልሽኝም?”

ውባንቺ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

“ተወልደ ብርሃን ከሰላ ወርዶ ወባ ያዘው” አለች ልዕልቲ። “ ወባውን ይዞ ነው አሁንም የሚፈልገው። ሞተሩ የገደለው መቼ ነው?”

“ሞተር አይደለም። ሱዳንም አልገባም።” የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች። “በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ቀበሌው ሰልፍ አስወጣን። ኣንደብርሃንን ገድለው መንገድ ዳር ጥለውታል። ያለቀሰ ይከተለዋል ተብለናል። መፈክሩን እያልኩ፣ እጄን እንዳነሳሁ፣ ባጠገቡ አለፍኩ። አንድ እግሩ ጫማ የለውም ነበር። ዞሬ እንኳ አላየሁትም።”

ልዕልቲ ወደ እሷ ዞረች። “እኔን ግን ለምን? እኔ ቀበሌ ነኝ?”

“ሞተ ካልኩሽ ‘ቀበርሽው ወይ’ ትይኛለሻ።”

ልዕልቲ እጇን ዘርግታ ልትይዛት ብላ ተወችው። “ለተወልደ ብርሃን አንቺው በአፍሽ ትነግሪዋለሽ። እኔ አልነግርልሽም።”

“እሺ።”

“ከዚያ በፊት ግን ያንን ልጅ እይው።”

ሉቻኖ በርከክ ብሎ የሣጥኑ ጎን ላይ በነጭ ቀለም የኣንደብርሃንን ስም እየጻፈ ነበር።

“አንቺ ንገሪልኝ፣ የኔ ጣልያንኛ…”

“ውሸቱን በራስሽ ጣልያንኛ አይደል የተናገርሽው?”

ውባንቺ ተነሳች። ሣጥኑ ድረስ ያለው መንገድ ረዘመባት፤ ሰዉም መንገድ ይለቅላት ጀመር፤ አንዲት ልጅ ክንዷን ዳበስ አደረገቻት፣ እሱ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራት።

“ኖን ሞቶ” አለችው ሉቻኖን። “ወንድሜን የገደለው፣ ሞተር አይደለም።”

ብሩሹን እንደያዘ ቀና አለ። “ታዲያ በምን?”

ቃል ፈለገች። የምታውቀው ጣልያንኛ የወጥ ቤትና የሳሙና ነው፤ የዚህኛውን ማንም አላስተማራትም። “ኢል ጎቨርኖ” አለች በመጨረሻ። መንግሥት።

አጠገባቸው የቆመ ሞተረኛ ሳቀ። “እኛንስ ማን ገደለን? እሱው አይደል።”

ሉቻኖ አልሳቀም። የተዘቀዘቀውን ነጠላ አየ፣ ፊቷን አየ፣ ከዚያ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን ጎማ አየ። ጆሮው ድረስ ቀላ።

“ስሙን ላጥፋው?” አላት ቀስ ብሎ።

ውባንቺ ራሷን ነቀነቀች፤ አይጥፋ። “ሣጥኑ ወዴት ነው?”

“ኢንሹራንሱን እስከ ጨመረብን ሚኒስቴር በር።”

“እሸኘዋለሁ።”

ሉቻኖ ጎማውንና መሪውን አወጣና ክዳኑን ገጠመው። ጎረምሶቹ ባዶውን ሣጥን ተሸከሙ። ውባንቺ ከኋላው ሆነች፤ አሁን አላለቀሰችም፣ ቀናም አላለች። ልዕልቲ “ለተወልደ ብርሃን የምትደውይበት ስልክ ቤት ሳይዘጋ እንመለሳለን” አለችና ተከተለች። ጎን ለጎን ግን አልሄደችም፤ ጥቂት ርቃ ነበር።