ኔላ የለመነችው ሰው

ፔትሮኔላን በሰፈራችን ማማ ኔላ እንላታለን። አዶናራ ደሴት ላይ ቤታችን አጥር ለአጥር ነው። ባሏ ካኒሲዩስ፣ በአጭሩ ካኒስ፣ በተጋቡ በዓመቱ፣ እንደ ብዙዎቹ ወንዶቻችን፣ የዘንባባ እርሻ ላይ ሊቀጠር ማሌዥያ ገባ። መጀመሪያ ሰሞን ይደውል ነበር። ከዚያ ለዓመታት ድምፁ ጠፋ።

ኔላ በቆሎ እየቆላች፣ ፍሬውን ሳይበርድ በእጇ እያነሳች በድንጋይ እየጠፈጠፈች፣ ያን ጠፍጣፋ ቆሎ ገበያ እየሸጠች ኖረች። የጣቶቿ ጫፍ ደድሮ ፍሙን እንኳ አይሰማውም። እሑድ እሑድ በጸሎት ቤታችን መዝሙር የምታወጣው እሷ ናት። ቄስ እኛ ዘንድ የሚደርሰው አልፎ አልፎ ስለሆነ፣ ባፓ፣ ማለትም አባት፣ ከምንላቸው ከጸሎት መሪው ከብላሲዩስ ቀጥሎ የምንሰማው እሷን ነው። "ሌላ አግቢ፣ ዕድሜሽ አለቀ" ሲሏት "ባል አለኝ" ትላለች። ለጌታ ልመናዋ አንድ ብቻ ነበር፤ ካኒስን መልስልኝ።

መለሰላት። ዝናቡ ሊገባ ሲል ሁለት ሰዎች ከወደቡ በቃሬዛ ተሸክመው አመጡት። ወገቡ ተሰብሯል፤ እግሮቹ አይታዘዙትም። መንደሩ በደስታ አለቀሰ፣ ደወል ተደወለ። ኔላ ግን ደጃፏ ላይ ቆማ አየችው።

"ታስገቢኛለሽ ወይስ እዚሁ ልደር?" አላት።

የሄደው ካኒስ ሳቂታ ነበር። የመጣው ሳህን ይወረውራል፤ የዘንባባ መጠጥ ካልቀረበለት ይሳደባል። መቁጠሪያዋን ስታነሳ ደግሞ ይስቅባታል።

"ምን ያነጫንጭሻል? ራስሽ ነሽ የለመንሽው። ከነጤናው ብለሽ መናገር ነበረብሽ።"

መቁጠሪያውን ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ጸሎት ቤትም ቀረች። መዝሙሩ አውጪ አጥቶ፣ ግማሹ ሲጀምር ግማሹ ሲጨርስ፣ መሳቂያ ሆንን።

አንድ ጠዋት ከኔላ ጋር ግቢዋ ውስጥ በቆሎ ስንጠፈጥፍ ባፓ ብላሲዩስ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቆመው ትንሽ አመነቱ።

"ኔላ፣ ሰው እየጠየቀኝ ነው።"

"ምን ብሎ?"

"ጌታን ተቀየመች ወይ ብሎ።"

"አዎ ይበሏቸዋ።"

"ተይ ልጄ። ፈተና ነው። የሚወደውን ነው የሚፈትነው።"

ድንጋዩን አስቀመጠች። "ባፓ፣ ካኒስ ሲጠፋ ፈተና ነው አሉኝ። ማሳዬ ሲደርቅ ፈተና ነው አሉኝ። ይኸው መጣ፤ እሱም ፈተና ሆነ። እንግዲህ እስቲ ትንሽ ይጥላኝ፤ ልረፍበት።"

የሚቆጡ መስሎኝ ፈርቼ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

"እውነት ለመናገር፣ የምለው ሲጠፋኝ ነው እንደዚያ የምለው" አሉ።

"ከጠፋዎት ይተዉት። ገብተው ካኒስን ያገላብጡልኝ። ጀርባው ቆስሏል፤ ብቻዬን አልችለውም።"

ገቡ። ወዲያው የካኒስ ድምፅ ተሰማ። "ጭራሽ ጸሎተኛ ጠራሽብኝ?"

"ለጉልበታቸው ነው የጠራኋቸው። ዝም ብለህ ተገልበጥ" አለችው።

ከዚያ ወዲህ ባፓ በየጠዋቱ ይመጣሉ። ካኒስ ያሾፍባቸዋል፤ እሳቸው ቁስሉን ያጥባሉ። አንድ ቀን ምን እንደነካው እንጃ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳዞረ ይነግራቸው ጀመር። ሥራ ላይ ወድቆ ወገቡ የተሰበረው በቅርቡ አልነበረም፤ መደወል ያቆመ ጊዜ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከሠራተኞቹ ማደሪያ ጀርባ ተኝቶ፣ የአገሩ ልጆች እየቆረሱ ሲያበሉት ኖሯል። "ምን ብዬ ልደውልላት? ወንድ ብላ ለምትጠብቀኝ ሴት" አለ።

ኔላ ውኃ ይዛ በር ላይ፣ እኔም ከኋላዋ፣ ቆመን ሰማነው። ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠችና ጮኸችበት። እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም።

"እኔ እዚህ ሆኜ የሚራመድ ሰው እየለመንኩ! ማን ወስንልኝ አለህ? ጀርባህን ያኔ አጥብልህ አልነበር? ያኔ ጉልበት ነበረኝ!"

ካኒስ ያን ቀን አልተሳደበም፤ መጠጥም አልጠየቀም። በማግስቱ ግን ሁለቱንም አደረገ።

ሰሞነ ሕማማት ሲገባ፣ ለማንም ሳትናገር ጸሎት ቤት መጥታ የዱሮ ቦታዋ ላይ ቆመች። መዝሙሩን ሁሉ አወጣች፤ የምስጋናው ሲደርስ ብቻ አፏን ዘግታ ቆመች። ባፓ አይተው እንዳላዩ ሆኑ፤ ሌሎቻችን እንደምንም ተወጣነው።

ስንመለስ ደጃፏ ላይ ጠየቅኋት። "ታረቃችሁ እንዴ?"

"ከማን ጋር?"

"ከጌታ ጋር ነዋ።"

"አልታረቅንም" አለች። "ግን ቤት ቁጭ ብዬም እሱን ነው የምከራከረው። እዚያ ሄጄ ፊት ለፊት ብናገረው ይሻላል።"

ሌላም ልትለኝ ነበር መሰለኝ። ካኒስ ከውስጥ ውኃ ጠማኝ እያለ ሲጣራ ሰማችው። "መጣሁ፣ አትጩህ!" አለችና ነጠላ ጫማዋን ደጃፉ ላይ አውልቃ ገባች።