ሁለት ስም የነበራት የእሳት እራት

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ካፖርት ልታውሰኝ ቁም ሣጥኗን ስትከፍት የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታው። እሷ ስለ ካፖርቱ ታወራለች፤ እኔ ግን ሰበታ ደርሻለሁ። ዕድሜዬ አሥራ ዘጠኝ ነው። ከወጨጫ ተራራ የወረደው ጉም የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ አርጥቦታል፤ የሳይንስ መምህሩም ናፍታሊን የሚሸተውን ባለመስታወት ሣጥናቸውን ከፍተው “ቀረብ ብለሽ እዪ፤ ግን አትተንፍሺባቸው” ይሉኛል።

ዘመኑ የንጉሡ ነበር። ስምንተኛ ክፍል እንደጨረስኩ ለአንደኛ ክፍል ልጆች ፊደል እንዳስተምር ተቀጠርኩ። መምህሩ ሃምሳን ያለፉ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ሌሎቹ አስተማሪዎች ከሥራ በኋላ ካርታ ሲጫወቱ እሳቸው ፉሪ ዳገት ላይ የእሳት እራት ይፈልጋሉ። እኛ መብራት ስትዞር በፎጣ መትተን የምንጥላትን ፍጥረት እሳቸው በቀጭን መርፌ ወግተው፣ ክንፏን ዘርግተው፣ የተገኘችበትን ቦታና ቀን በደቃቅ ጽሕፈት ከሥሯ ይጽፉላት ነበር።

ከሁሉም አብልጠው የሚሳሱት ለሁለት የእሳት እራቶች ነበር። አንዷ መዳፍ የምታህል፣ የገብስ ጭድ የመሰለች ፈዛዛ ቢጫ ናት፤ በታችኛው ክንፎቿ ላይ ዓይን የሚመስል ክብ አላት። ሌላው አነስ ያለ፣ እንደተቆላ ቡና የጠቆረ፣ ጢሞቹ እንደ ላባ የተበጠሩ ነው፤ ክንፉ ላይ ምንም ክብ የለውም። ሁለቱንም ባሕር ማዶ ወዳለ ሙዚየም ልከው ነበርና በሰኔ መጨረሻ መልስ መጣ። ቢጫዋ ጥንት ስም የወጣላት፣ የታወቀች ናት። ጥቁሩ ግን እስካሁን ማንም ያላወቀው ዘር ሳይሆን አይቀርም፤ ይህ ከተረጋገጠ በእርስዎ ስም ይጠራል ይላል ደብዳቤው።

መምህሩን እንደዚያን ቀን ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ደብዳቤውን ለርዕሰ መምህሩ አነበቡ፣ ለእኛ አነበቡ፣ ለትምህርት ቤቱ ዘበኛም በኦሮምኛ እየተረጎሙ አነበቡ። ወደ ቤት ስንሄድ ድንገት ቆም ብለው “እኔ ልጅ የለኝም፤ ስሜን የሚይዝልኝ ነገር ተገኘ” አሉኝ።

ጉዱ ግን እኛ ቤት ነበር። ግንቦት ላይ አንዲት ቢጫ የእሳት እራት መስኮታችን ላይ አግኝቼ ካርቶን ውስጥ ሳስቀምጣት እንቁላል ጣለች። ምን እንደሚሆን ለማየት ብቻ ተውኩት። ተፈለፈለ። ከጓሯችን የብሳና ቅጠል እየቀጠፍኩ ሰጠኋቸው። አባጨጓሬዎቹ ሲበሉ የሚያሰሙት ድምፅ ሣር ላይ የሚወርድ ካፊያ ይመስል ነበር። እናቴ ካርቶኑን ከፍታ ያየች ቀን “ወይ እነሱ ይውጡ ወይ እኔ!” ብላ ጮኸች፤ ካርቶኑም በረንዳ ላይ ወጣ። በኋላ ወፍረው፣ ያስገባሁላቸው አፈር ውስጥ ተቀብረው፣ ክረምቱን ሙሉ ጭጭ አሉ።

መስከረም ላይ አንድ ጠዋት ክዳኑን ሳነሳ አራት ቢጫዎች ክንፋቸው ገና እንደረጠበ ካርቶኑ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥለዋል። አምስተኛው ጥቁር ነበር። ጢሞቹም እንደ ላባ የተበጠሩ።

“ባልና ሚስት ናቸው!” ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። ወዲያው የመምህሩ ፊት መጣብኝ። ጥቁሩ የቢጫዋ ወንድ ከሆነ አዲስ ዘር የለም፤ በእሳቸው የሚጠራ ስምም የለም። እናቴ እህል መተዌን አይታ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝና ነገርኳት። “አንቺ ምን አገባሽ? ዝም በይ፤ ሰውዬው ይደሰቱበት” አለችኝ። ሁለት ቀን ዝም አልኩ፤ ከዚያ በላይ አልቻልኩም። ለእውነት ተቆርቁሬ ነበር ብል ደስ ባለኝ። እንዳወቅሁ መናገርም ፈልጌ ነበር፤ ልጅ ነበርኩ።

ካርቶኑን ተሸክሜ ክፍላቸው ገባሁ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ረጅም ጊዜ አዩ።

“ሁሉም ከአንድ እናት?”

“አዎ መምህር።”

“ቅጠሉን ከጓሮ ነው የቀጠፍሽው። ቅጠሉ ላይ የሌላ እንቁላል ተጣብቆ ቢሆንስ?”

ቅጠሉን አንድም ቀን አገላብጬ አላየሁም ነበር።

“አላመንኩሽም ማለቴ አይደለም” አሉ ቀስ ብለው። “ግን እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ካርቶን አይፈረድም።”

እኛ ስንነጋገር ጥቁሩና አንዷ ቢጫ ተጣምረው ነበር። እሷ የጣለችውን እንቁላል ይዘን እንደገና ጀመርን። መምህሩ በእንጨትና በነጭ አቡጀዲድ ቤት ሠሩላቸው፤ እያንዳንዱ ቅጠል ታጥቦና ከፊትም ከኋላም ታይቶ ነው የሚገባው። ቁልፉን ማን ይያዝ ሲባል ዘበኛው እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ኦቦ እያልን የምንጠራቸው፣ ፉሪ ላይ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። “እናንተ ሁለታችሁ አትነኩም” አሉ ቁልፉን ኪሳቸው እየከተቱ። “አንዳችሁ እንዲህ ይሁን፣ አንዳችሁ እንዲያ ይሁን ትላላችሁ። እኔ ምንም አልፈልግም።”

በጋው ረዘመብኝ። መምህሩ ሲያገኙኝ እንደ ቀድሞው ሰላም ይሉኛል፤ ስለ አቡጀዲዱ ቤት ግን አያነሱም። ሚያዝያ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ከዘነበ በኋላ ልጆቹን “ሀ ሁ” እያስባልኩ ሳለሁ ኦቦ በሩ ላይ ብቅ አሉ። “ነይ፣ ወጥተዋል!” ልጆቹ ሁሉ ተከትለውኝ ሮጡ።

መምህሩ አቡጀዲዱን ገልጠው ቆጠሩ። ሰባት ቢጫ፣ ስድስት ጥቁር። ደግመው ቆጠሩ።

“ቶኩማ” አሉ ኦቦ። አንድ ናቸው ማለታቸው ነው።

“ቶኩማ” አሉ መምህሩም።

በዚያው ቀን ለሙዚየሙ ጻፉ። ደብዳቤውን ሲያነቡልኝ ስሜን ሰማሁ፤ ነገሩን ያረጋገጠችው የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ እከሊት ናት ይላል። ደንግጬ “እኔን ያውጡኝ መምህር” አልኩ። “ቦታውንና ቀኑን እንጽፍ የለ? ያገኘውንም እንጽፋለን” አሉኝ። መልሱ ከወራት በኋላ መጣ። ሰዎቹ የራሳቸውን መሳቢያ ሲፈትሹ ያኔ ያላስተዋሏቸውን ጥቁሮች በሌላ ስም ተቀምጠው አግኝተዋቸዋል፤ ከእንግዲህ ከቢጫዋ ጋር በእሷ ስም ይቀመጣሉ። መምህሩ ያንን ደብዳቤ ለማንም አላነበቡም። ለእኔ ሰጡኝ።

በተከታዩ ዓመት ወደ ሱሉልታ ተዛወሩ። እኔም ለመምህርነት ሥልጠና አዲስ አበባ ገባሁ፤ እሄዳለሁ እሄዳለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ አውቶቡስ ይዤ እንጦጦን ተሻግሬ ወረድኩ። እህታቸው ቤት ደጃፍ፣ ፀሐይ ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተውላቸው አገኘኋቸው። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር። በድምፄ አወቁኝ፤ እጄንም ይዘው አልለቅ አሉ።

“እስቲ ቢጫዋን ንገሪኝ” አሉ።

ነገርኳቸው፤ የገብስ ጭዱን ቀለም፣ ዓይን የሚመስለውን ክብ።

“ጥቁሩስ?”

“የተቆላ ቡና ነው የሚመስለው። ጢሞቹ ላባ ናቸው። ክብ ግን የለውም።”

“አለው እንጂ!” አሉ ፊታቸው በርቶ። “ታችኛው ክንፉ ላይ፣ ጥግ ላይ፣ ቀላ ያለች ትንሽ ክብ። ረሳሽው?”

እነዚያን ስድስቱን ጥቁሮች አንድ በአንድ በመርፌ የወጋኋቸው እኔ ነበርኩ። አውራ ጣታቸው እጄ ላይ ትንሽዬ ክብ እየሣለ መልሴን ይጠብቃሉ።

“አለው መምህር” አልኳቸው። “ትንሽ ስለሆነች ነው የረሳኋት።”