የሃይድሮጅን ድምፅ

አሜሪካ ከመግባቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። ላቦራቶሪያችን ማለት አራት የተሰነጠቁ ቢከሮችና ቁልፉ የጠፋ አንድ ቁም ሣጥን ነበር። ስለዚህ ሃይድሮጅንን ያስተማርኩት በጠመኔና በአፌ ነው። እሳት ሲቀርብለት እንዲህ ይላል እልና ከንፈሬን ገጥሜ "ጷ!" አደርጋለሁ፤ ስድሳው ተማሪ ተቀብሎ "ጷ!" ይላል። ዳይሬክተሩ አንድ ቀን በመስኮት አጮልቀው መዝሙር ነው ወይ ብለው ጠይቀውኛል። እውነተኛውን ድምፅ ግን እኔም ሰምቼው አላውቅም። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ አፍሬበት ኖሬያለሁ።

አሜሪካ መጥቼ አሌክሳንድሪያ ከተማ ፓርኪንግ እየሠራሁ ሳለ፣ እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ ተወልዳ ያደገችው የእህቴ ልጅ ለዶክትሬቷ ሃይድሮጅን ከውኃ እንደምታወጣ ነገረችኝ። በምን ብላት፣ በዝገት አለችኝ። የመዳብና የቲታኒየም ኦክሳይድ ዐይን እስከማያየው ድረስ አድቅቃ፣ አንዱን ከአንዱ አጣብቃ። የቀለደችብኝ መሰለኝ። እኔ እኮ ዝገት የብረት ሞት ነው ብዬ ያስተማርኩ ሰው ነኝ።

አንድ ቅዳሜ ላቦራቶሪዋ ወሰደችኝ። ትንሽ አልኮል ጠብ በተደረገበት ውኃ ውስጥ ግራጫ ዱቄት ይሽከረከራል፤ መብራት በርቶበታል። ወደ ውኃው የሚገባ የኤሌክትሪክ ሽቦ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ዱቄቱ ሥራውን የሚሠራው በብርሃኑ ነው አለችኝ። ከዚያ አረፋዎቹን አየሁ፤ ከጤፍ ያነሱ፣ እየተከታተሉ ሽቅብ የሚወጡ። ዱቄቱስ አያልቅም ወይ ስላት፣ ካታሊስት መሆኑን አስታወሰችኝ። ካታሊስት እንደ ሽማግሌ ነው፣ ነገሩን ጨርሶ እንደገባ ይወጣል እያልኩ ነበር የማስተምረው። ይሄኛው ግን ሃይድሮጅንን ከኦክስጅን የሚያፋታ ሽማግሌ ነው። ቆሜ አየሁት፤ ወንበር ብትሰጠኝም አልተቀመጥኩም።

ከሰዓት በኋላ፣ አረፋዎቹን እንዲይዝ አፉ ወደ ታች በተደፋው የመስታወት ቱቦ አናት ላይ ጣት የምታህል ጋዝ ተጠራቀመች። መነጽር አድርጋልኝ ረጅም ላይተር ሰጠችኝ፤ ቱቦውን እንደተደፋ ከውኃው አውጥታ ያዘችልኝ። የፈራሁት እሳቱን አልነበረም። ድምፁ ሌላ ቢሆንስ? እነዚያን ሁሉ ልጆች ምን ልላቸው ነው?

"አንቺ ለኩሺው" አልኳት።

"ኖ ጋሼ፣ ቲቸሩ እርስዎ ነዎት። ዩ ዱ ኢት።"

ለኮስኩት።

ጷ አለ።

እኔ በአፌ ከማወጣው ይቀጥናል፤ ግን ያው ነው። የቱቦውን ውስጥ ጤዛ ለብሶት አየሁ፤ ጋዙ ተቃጥሎ ተመልሶ ውኃ ሆኗል። እንባዬ መጣ። የእህቴ ልጅ እሳቱ የነካኝ መስሏት እጄን ታገላብጣለች፤ እኔ ስድሳዎቹ ልጆች ሲቀበሉኝ እየሰማሁ ነበር።

"አልዋሸኋቸውም" አልኳት።