የአባቴ ጂፕ ፍሬንና የወንዛዬ ቁልቁለት

ጠዋት፣ ከባሕር ዳር

ከባሕር ዳር የተነሣሁት እናቴን ከወረታ ወስጄ ወንዛዬ ፍል ውኃ ላደርሳት ነው። ጉልበቷን ካመማት ቆይቷል፤ ሚኒባስ ውስጥ ተጣጥፋ መቀመጥ አትችልም። ድሮ አባቴ በየዓመቱ በዚሁ አሮጌ ጂፕ ይወስዳት ነበር። እሱ ካረፈ ወዲህ መኪናውም እኔ ግቢ ቆሞ ቀረ፣ እሷም ወንዛዬን አላየችም። እንግዲህ ተራው የእኔ ነው፤ ቢደክመኝም።

የጂፑ ፍሬን የድሮው የታምቡር ፍሬን ነበር። ክረምት ላይ የፎገራ መንገድ ውኃ ይተኛበታል፤ ውስጡ ያለው ሸራ አንዴ ከራሰ ደግሞ መያዝ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ከአንድ ወዳጄ ጋር ሆነን የፊቱን ሁለት ጎማ ወደ ዲስክ ቀየርነው። ከተማ ውስጥ ቀስ ብለን ሞከርነው፤ ያዘ። ለጥ ባለ መንገድ የማይይዝ ፍሬን የት አለ።

ሐሙሲትን ሳልፍ ሜዳው ተዘረጋ። ሩዙ ግማሹ ታጭዷል፣ ግማሹ ቢጫ ሆኖ ቆሟል። አንድ መንጋ አስፋልቱን ሞልቶ ሲሻገር ፍሬኑን ረገጥኩ፤ እግሬ ወለሉ ድረስ ወረደ። ደግሜ ስረግጥ ነው የያዘው። የመጨረሻዋ ላም ጭራዋን ኮፈኑ ላይ ጥላ አለፈች። ባለቤቷ፣ አንድ ጎልማሳ ገበሬ፣ በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ፣ "ወንድሜ፣ ላሚቱ ምን በደለችህ?" አለኝ። እስከ ወረታ በሁለተኛ ማርሽ አዘገምኩ።

ወረታ

እናቴን ስንቋንና ነጠላዋን ቋጥራ ደጅ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የሆነውን ስነግራት ፊቷ ጠቆረ።

"ተወው እንግዲህ ልጄ። ሳይፈቀድልኝ ቀርቶ ይሆናል" አለች። ከመንገዱ ድካም ይልቅ ይኼ ቃል ከበደኝ።

ይርጋ የሚባል መካኒክ ደብረ ታቦር መገንጠያው አጠገብ ይሠራል፤ እናቴን ይዤ ወደ እሱ ሄድኩ። ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠና፣ "ሲደጋገም ከፍ ይላል። አየር ይዟል" አለ። እኔ እየረገጥኩ እሱ የአየር ማስወጫውን ቡሎን ሲፈታ ዘይቱ አረፋ የሌለው፣ ጥርት ያለ ሆኖ ወጣ። ፔዳሉ ግን ያው ልፍስፍስ ነው። ደገምነው፤ ያው። የኋላውን ፍሬን አጠበቅን፤ ያው። የሚያፈስ ቱቦ ፈለግን፤ የለም። ምሳ ሰዓት ሆነና የሩዝ እንጀራ በሽሮ መጣልን። እጄ የፍሬን ዘይት ይሸታል፤ ሳይጥመኝ በላሁ።

"ዘይቱን የሚገፋው ማስተር ይሆናል የተበላሸው" አለ ይርጋ። የዚህን ጂፕ ማስተር ከየት አመጣለሁ? እናቴ ጥግ ላይ በርጩማ ይዛ ጉልበቷን ታሻለች። ማየት አቃተኝና መኪናው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተንጋለልኩ። ልፈልግ ብዬ አይደለም፣ ልደበቅ ነው። ቀና ስል ዲስኩን የሚጨብጠውን ካሊፐር አየሁት፤ አየር ማስወጫው ወደ መሬት ዞሯል። የወዲያኛውም ጎማ እንዲሁ።

"ይርጋ፣ አየር ወዴት ነው የሚሄደው? ወደ ላይ አይደል?"

ጎንበስ ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። "የግራውን ለቀኝ፣ የቀኙን ለግራ ነው ያሰራችሁት። እኔም አላየሁት። አየሩ ከላይ ተቀምጧል፣ እኛ ከታች ዘይት እንቀዳለን። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ።"

ፈታን፣ አቀያየርን። ቡሎኑ ሲላላ አረፋው እየተንፈቀፈቀ ወጣ፤ ፔዳሉም ደነደነ። በመንገዱ ላይ ፈጠን ብለን ደጋግመን ሞከርነው። ይርጋ ወደ እናቴ ሄዶ፣ "በሉ እማማ፣ ይሳፈሩ" አላት።

ቁልቁለቱ

የወንዛዬ ጠጠር መንገድ ቁልቁል ወረደ። ወደ ጎን ሳይ፣ እኔ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር እናቴም በዚያ በሚያማት እግሯ ወለሉን ትረግጣለች።

"ምን ትረግጫለሽ፣ እማዬ?"

"ፍሬን ነዋ። አባትህ እሱ የሚነዳ ይመስለው ነበር እንጂ፣ ይኼን ቁልቁለት ስይዝ የኖርኩት እኔ ነኝ።"

ሳቅሁ። ወዲያው ደግሞ አባቴ ናፈቀኝ። ጂፑ ሳያንገራግር እታች ደረሰ።

ጥቂት ቀን ሰነበትን። እሷ ፍል ውኃው ውስጥ ስትውል እኔ ጥላ ሥር እንቅልፌን ለጠጥኩ።

መልስ

ፍሬን የሚፈተነው ሜዳ ላይ ቀስ ተብሎ አለመሆኑን ተምሬ ተመለስኩ፤ ለአንድ ጉዞ ይበቃል። ሜዳው ላይ እንደገና ከብት ገጠመን። ቆምኩ፣ አሳለፍኩ፣ ቀጠልኩ። "አየሽልኝ?" ልላት ዞር ስል እናቴ አንገቷን ጣል አድርጋ፣ እግሮቿን ዘርግታ ተኝታለች።

ደጇ ላይ ሞተሩን አጠፋሁ። ከቆምን ቆየት ብሎ ዓይኗን ገለጠችና የቤቷን በር አየች።

"መች ቆመ?" አለች።