ያወለቅኩት ማስክ

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ጋምቤላም ክልል ከሆነች ገና ብዙ አልቆየችም። ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬስ እመሰክራለሁ እያልኩ ስንት እሑድ አፌን ሳልከፍት ወደ ቤቴ ተመልሻለሁ። ዛሬ ጌታ ረድቶኝ ቆሜያለሁ፣ ስሙ ይባረክ።

ባለቤቴ ጉሮሮው አብጦ አየር አጠረው። እኔና እናቱ እማማ ብርቄ ከኒውላንድ ሰፈር በቃሬዛ አስይዘን ሆስፒታል አደረስነው። ሐኪሙ የኦክስጅን ማስክ አደረገለትና፣ «እህቴ፣ በጉሮሮው ቱቦ ልናስገባለት ነው። ቱቦው እስኪገባ ድረስ ትንፋሽ አይኖረውም፤ የሚያቆየው አሁን የሚስበው አየር ነው። ዕቃውን አዘጋጅቼ እስክመለስ ማስኩን እንዳትነኪው» ብሎኝ ሄደ። እማማ አማኝ ናቸው፤ ውጭ ቆመው ይጸልያሉ። እኔ ያኔ ጌታን አላውቀውም፤ የማምነው የሰው ወሬ ነበር።

አጠገባችን ባሏን የምታስታምም ሴት፣ «አንቺ፣ ዝም ብለሽ ታያለሽ? ያ ከዲማ የመጣው ወርቅ አውጪ ይቺን አድርገውለት አይደል የሞተው? ይቺ እኮ የመሰናበቻ ናት» አለችኝ። ባለቤቴም ማስኳን በእጁ እየገፋ ይታገላታል። አፈነችው ብዬ አወለቅኩለት። የሐኪሙን ኮቴ ስሰማ ቶሎ መለስኳት።

«አልነካሽውም አይደል?» አለኝ።

«ኧረ አልነካሁትም።»

ወገኖቼ፣ እውነቱን ብነግረው ኖሮ ትንሽ ጨምሮ አየር ይሰጠው ነበር። ቱቦውን ማስገባት ጀመረ፤ ገና ሳይገባ ልቡ ቆመ።

እማማ «ጌታ ወሰደው» አሉ። ዓመት ሙሉ ከእሳቸው ጋር ከአንድ ትሪ እየበላሁ ዝም።

በዓመቱ እኔው አንጀቴ ታጥፎ ለኦፕራሲዮን እዚያው ሆስፒታል ገባሁ፤ የሚያስታምሙኝም እማማ ነበሩ። ነርሷ ማስኩን ስታመጣ ፊቴን አዞርኩ። «እማማ፣ ለእኔ አይገባም። የልጅዎን ያወለቅኩት እኔ ነኝ፤ ሐኪሙንም ዋሸሁት» አልኳቸው። ከዚያ፣ «ጌታ ሆይ፣ ካለህ ማረኝ» አልኩ። የመጀመሪያ ጸሎቴ ይህች ናት።

ይኸው ድኜ ቆሜያለሁ፣ ክብር ለእርሱ። ጸጸቱ አልለቀቀኝም፤ ባለቤቴን የሚመልስልኝ የለም። ይቅርታውም ግን አብሮኝ አለ። ወገኖቼ፣ የደበቃችሁት ነገር ካለ ለጌታ አምጡለት፤ እመኑት፣ አይጥላችሁም። የምታስታምሙት ካለም ማስኩን አትንኩበት።

እማማ ያን ቀን ማስኩን ከነርሷ እጅ ተቀበሉ፤ ፊቴ ላይ አደረጉት፤ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል እስኪወስዱኝ ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘውት ቆሙ።